በነጻ ስለተሰጠኝ የማድያት ቅባትና ስለ እድራችን ሰባት ሺህ ብር

ለፍካተ ገጽ የቆዳ ውበት ድርጅት
ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቤቴል

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብና አንድ ወረቀት ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በደንበኞች ስልክ መስመርዎ ላይ ሌት ተቀን ሳትታክት ለምትዘፍነው ልጅ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደ ድርጅትዎ ገቢ በየወሩ ሳያቋርጥ ይግባልዎ፤ ፊትዎ ከማድያት፣ ስልክዎ ከማስታወቂያ የጸዳ ይሁን። እኔ ከጉንጬ መላላጥ፣ ከአንድ ወር እንቅልፍ ማጣትና ከስሜ መጉደፍ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ወይዘሮ አጸደ ወንድይፍራው እባላለሁ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ስሆን፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ደግሞ የሰፈራችን የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። «ነበርኩ» ማለቴን ልብ ይበሉልኝ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው። ለእርስዎ በግል ሦስት ጊዜ ጽፌ መልስ ስላላገኘሁና ምናልባት እጅዎ አልደረሰ ይሆናል ብዬ ስለተጨነቅሁ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነብልዎ በአደባባይ ጽፌአለሁ። ድፍረቴን በትልቅነትዎ ይለፉልኝ።

ምስጋናዬን በቁጥር አስፍሬአለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሰው ከቁጥር አይላቀቅም።

1ኛ. ስለ ደግነትዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ኅዳር ቤቴል ለሐኪም ቀጠሮ ሄጄ ስመለስ፣ ከአንድ ካፌ ፊት ለፊት ድንኳን ተክላ፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ የቆመች ሶፊ የምትባል ሠራተኛዎ ጠራችኝ። ጉንጬን አይታ አዘነችልኝና ማድያቴን በአሥራ አራት ቀን የሚያጠፋ ቅባት ድርጅትዎ ለሙከራ በነጻ እንደሚሰጥ አበሰረችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔና ማድያቴ አሥራ ስድስት ዓመት ተቻችለን ኖረናል። ነገር ግን በጥር የልጅ ልጄ ክርስትና ነበር፤ ፎቶ አንሺም ተጠርቶ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ቢሆንም አማረኝ። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው፤ ግን ሳልጽፈው ባልፍ ቀሪውን አያምኑኝም።

2ኛ. ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። ሶፊ ለምዝገባ ነው ብላ ስልኬን ተቀበለችኝና ነካ ነካ አድርጋ መለሰችልኝ፤ ከዚያም የሚስጥር ቁጥሬን አስገብቼ 1ን እንድጫን፣ ለማረጋገጫም አንድ ብር ብቻ እንደሚቆረጥ ነገረችኝ። እኔም አስገባሁ፣ ተጫንኩም። በዚያች አንዲት ጣት ለካ የአርባ አንድ መስመር ውል ፈርሜ ኖሯል፤ በሠላሳ ሰባተኛው መስመር ላይ ከሙከራው በኋላ በየወሩ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብር ከነማድረሻው አንድ መቶ ሰማንያ ብር ከሂሳቤ እንዲወሰድ ተስማምቻለሁ። በመዝገብ ቤት ዘመኔ ያላነበብኩት ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅም። የስልክ መስታወት ግን ወረቀት አልመሰለኝም፤ መነጽሬም ቤት ነበር። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው፤ ገደሉን አስውቦ ሣር ላለበሰው ሰው ግን ተረት እስካሁን ስላልተበጀለት በድርጅትዎ ስም ቅር ብሎኛል።

3ኛ. ስለ ቅባቱ። በሦስተኛው ቀን ጉንጬ ቀላ፣ በአምስተኛው እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ። ማድያቱ አልጠፋም፤ ጎረቤት ጨመረ።

4ኛ. ስለ ብልቃጡ ሰፋ አድርጌ ላስረዳዎት ይፍቀዱልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ማሠሪያ እሱ ነውና። ሶፊ እንደነገረችኝ ቅባቱ ያልተስማማው ሰው ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሥራ አራቱ ቀን ሳይሞላ ብልቃጡን መመለስ። እኔም የተረፈውን ቅባት ደፍቼ ብልቃጡን በፈላ ውሃ አጠብኩት። እዚህ ላይ ነው ስህተት የሠራሁት፤ ስህተቱም የእኔ ብቻ ሳይሆን የእናቴም የሰፈሬም ነው። በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤቴ በሳህን ቂጣ ብትልክልኝ፣ ሳህኑ ሲመለስ ሌላው ቢጠፋ እፍኝ ሽምብራ ይዞ ይመለሳል፤ ባዶ ሳህን መስደድ «ሁለተኛ እንዳትልኪልኝ» እንደማለት ነው። ልጅቷ በነጻ የሰጠችኝን ብልቃጥ ባዶውን ላስረክባት አፈርኩ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር እኔ የማልቀምሰው ለጋ ቅቤ በቤቴ ነበር። ለወጧ ባይሆን ለጸጉሯ ይሆናታል ብዬ ብልቃጡን ጢም አድርጌ ሞላሁና፣ ከ18 ማዞሪያ በአየር ጤና በኩል ታክሲ ቀያይሬ ቤቴል ድረስ ወስጄ በአሥራ አንደኛው ቀን አስረከብኩ። ሶፊ አገላብጣ ስማኝ በመዝገቧ ላይ ምልክት አደረገች። በሳምንቱም «ማዘር፣ ጸጉሬን ቢያዩት!» የሚል መልእክት ላከችልኝ።

የውልዎን አንቀጽ ዘጠኝ ያነበብኩት ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው። «ብልቃጡ ባዶ ሆኖ ካልተመለሰ ደንበኛው ምርቱን ለመቀጠል እንደተስማማ ይቆጠራል» ይላል። በመዝገብዎም ላይ ከስሜ ትይዩ «ሙሉ ሆኖ ተመልሷል» ተብሎ ሰፍሯል። መዝገብ ያዥ ነበርኩና መዝገቡ እንዳልዋሸ እመሰክራለሁ። የውል አርቃቂዎ ግን ወይ ጎረቤት የለውም፣ ወይ ጎረቤት እንዳለን ጠንቅቆ ያውቃል። ሶፊን አልወቅሳትም፤ የሁለት ወር ደመወዟን ሳትቀበል እንደተሰናበተች ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ እሷም በነጻ ለሙከራ የቀረበች ነበረች ማለት ነው።

5ኛ. ስለማይሰለች ወዳጅነትዎ አመሰግናለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ድርጅትዎ በቀን አሥር አሥራ አንድ መልእክት ሲልክልኝ ቆይቷል፤ ስለ ቆዳዬ፣ ስለ ዐይኔ ሥር፣ ስለ በዓላት፣ ስለ ፍቅረኞች ቀን። ልጆቼ እንኳ በዓመት ይህን ያህል አላስታወሱኝም። በመጨረሻ ከድርጅትዎ የሚመጣውን ሁሉ ሳልከፍት ማለፍ ለመድኩ፤ ገንዘብ መወሰዱን የሚነግሩት መልእክቶችም በዚያው ክምር መሃል ሾልከው አለፉ። በየወሩም አንድ ብልቃጥ ቅባት በሞተር ሳይክል እየተላከ በሬ ላይ ይቀመጥ ነበር። እኔ የቅቤው ምላሽ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ እንዴት ያለች ሰው አክባሪ ናት እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ ሦስቱንም ቁም ሣጥን ላይ ደርድሬአቸዋለሁ።

6ኛ. ስለ መስተንግዶዎ። የስልክ መስመርዎ ለመግዛት 1ን፣ ጨምሮ ለመግዛት 2ን ያስጫናል፤ ለመሰረዝ ግን በአካል ይቅረቡ ይላል። በአካል ስቀርብ ደግሞ በስልክ ይደውሉ ተባልኩ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ እንዲሉ፣ አራት ጊዜ ቤቴል ተመላልሼ አንድ ትሁት ወጣት ብቻ አገኘሁ። ግሩም ይባላል፤ ወንበር ሰጥቶኛል፣ ውልዎንም አትሞ የሰጠኝ እሱ ነው። ሲስተሙ እኔን «እርካታ ያላቸው ደንበኛ» ብሎ እንደመዘገበኝ ነገረኝ። ለመውጣት ብልቃጦቹን ባዶ አድርጌ መመለስ አለብኝ፤ ቅባቱን ደፍቼ ብመልስ ግን «ማባከን» ተብሎ ስለሚቆጠር ተቀብቼ መጨረስ ይኖርብኛል። «ማዘር፣ እኔ ምን ላድርግ? ሲስተሙ ነው» አለኝ። ፊቴን ቀና ብሎ አይቶ ወዲያው ዐይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። በእርስዎ ቤት ያዘነልኝ ሰው ቢኖር እሱ ነውና እባክዎ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት እንዳያባርሩት።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በታች ላለው ጉዳይ ቁጥር ልሰጠው ሞክሬ ስላቃተኝ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

የእድራችን መዋጮ ከሁለት ዓመት ወዲህ በስልክ ነው የሚሰበሰበው። ወጣቶቹ አባላት በየቤቱ እየዞሩ ብር መልቀም ቀርቶ ወደ ገንዘብ ያዧ ስልክ ይላክ አሉ፤ ተስማማን። ስልኩ የእኔ ነበር፤ ስለዚህ የእኔ ጡረታና የአርባ ሁለት ሴቶች መዋጮ በአንድ ሂሳብ ያድር ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ለጉባኤውም አምኜአለሁ፣ ለእርስዎም አምናለሁ። የእርስዎ ድርጅት በየወሩ እጁን የሰደደው እንግዲህ ወደዚያ ሂሳብ ነበር።

የካቲት 13 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የእድራችን አባል የሃፊዛ ባለቤት አረፉ። በእነሱ ደንብ ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ነው። በእኛ እድር ደንብ ደግሞ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ሃያ ሺህ ብር በቤተሰቡ እጅ መግባት አለበት፤ ሐዘንተኛ ለከፈንና ለመኪና የሰው ፊት እንዳያይ የወጣ ደንብ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አዛንፌው አላውቅም። ከጸሐፊያችን ከሚስኪ ጋር በሃፊዛ ግቢ አጥር ጥግ ቆመን ገንዘቡን ልልክ ብሞክር ስልኩ «በቂ ቀሪ ሂሳብ የለዎትም» አለኝ። ደገምኩት። ቀሪውን ብጠይቅ አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ አርባ ብር አለ። ሚስኪ በትከሻዬ ላይ ሆና አየችው።

ከዚያ በዚህ ዕድሜዬ ነጠላዬን ታጥቄ እስከ ማዞሪያው ሮጥኩ። ባለሱቁ ቀጄላ ለምን እንደፈለግሁት እንኳ ሳይጠይቀኝ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ብር ከመሳቢያው ቆጥሮ ሰጠኝ። አስከሬኑ በር ላይ ሲደርስ ገንዘቡም ደረሰ። ሃፊዛ ይህን ነገር ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ የምትሰማ ከሆነ ይቅር ትበለኝ፤ በሐዘኗ ቀን የሷን ሐዘን ትቼ ስለ ራሴ ስም ነበር የማለቅሰው።

የቀጄላን ብር ከጡረታዬና ከልጄ ለምኜ መልሻለሁ፤ እድሩ ዛሬ አምስት ሳንቲም አልጎደለበትም። ስለዚህ ገንዘብ ተመለሰም አልተመለሰም በሚል ልጨቀጭቅዎት አይደለም የመጣሁት። የመጣሁት ስለ ቀጣዩ እሁድ ነው።

በዚያ እሁድ ጉባኤ ተጠራ። ሴቶቹ ደግ ናቸው፤ ማንም ሌባ አላለኝም። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ደረሰኝ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ የዚያን ዕለት ግን ጠየቁኝ። እኔም ወጪው በስልኬ ላይ አለ ብዬ ስልኬን ለሚስኪ ሰጠኋት፤ እሷም ጮክ ብላ አነበበች። ታኅሣሥ፣ ፍካተ ገጽ የፊት ቅባት፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ብር። ጥር፣ ፍካተ ገጽ የፊት ቅባት፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ብር። የካቲት፣ ፍካተ ገጽ የፊት ቅባት። ሦስተኛውን ስታነብ ድምጿ ቀነሰ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት በክርስትናው ዕለት ምን ያህል አምሮብኝ እንደነበር ለጎረቤቷ ስታስታውሳት ሰማሁ። ብልቃጦቹ ቁም ሣጥኔ ላይ ተደርድረው ያላየ ሰው የለም፤ ስጦታ ናቸው ብዬ የነገርኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። የሟች ማልቀሻ ገንዘብ ለአጸደ ጉንጭ ዋለ ማለት ነው፤ የመዝገቡ ንባብ ይህ ነው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ አነብበው ነበር።

«እትዬ አጸደ ብዙ ደክመዋል፣ እስቲ ይረፉ» ብለው ደብተሩንና ማኅተሙን ለሚስኪ አስረከቧት። ይህን ያህል በአክብሮት የተባረረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ለቅሶ ቤት ስገባ ቦታ ይለቁልኛል፣ ሰላምታ አይነፍጉኝም፤ ሥራ ግን አያሲዙኝም። ለቅሶ ቤት ገብታ ሥራ የማያሲዟት ሴት በኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነች ጎረቤት ካለዎት ይጠይቁ።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት ወረቀት ናት። በድርጅትዎ ርእስ ወረቀት ላይ፣ በማኅተምዎ፣ ወይዘሮ አጸደ ወንድይፍራው ቅባቱን ወድዳ አልገዛችም፤ ለሙከራ በነጻ ተብላ ወሰደች፤ በአሥራ አንደኛው ቀን መለሰች፤ የተወሰደው ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ብር ሳታውቅ የተወሰደ ነው የሚል። አራት መስመር አይሞላም። መጻፉ ከታከተዎት ረቂቁን አዘጋጅቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ለእርስዎ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። መጋቢት 21 ቀን እሁድ የእድሩ መደበኛ ስብሰባ ነውና ከዚያ በፊት ቢደርሰኝ በስብሰባው ላይ ይነበብልኛል። ገንዘቡን ማስቀረት ቢፈልጉ ያስቀሩት፤ ለቅባትዎ ማስታወቂያ ይሁንልዎ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምተው ይሆናል። የእኔ ግን መቃብሬ ሳይቆፈር ቀድሞኝ ሊወርድ ነው፤ ደግሞ ደክሞኛል። መቆጣት እንኳ ጉልበት ይፈልጋል፤ ያለኝን ጉልበት በቤቴልና በኮልፌ መካከል ታክሲ ውስጥ ጨርሼዋለሁ።

ወረቀቱን መስጠት የማይቻል ከሆነም ይግባኝ አልልም። እሁድ ዕለት የውልዎን አርባ አንድ መስመር ለአርባ ሁለቱ ሴቶች አነብባለሁ፤ እያንዳንዳቸው እህት፣ ልጅ፣ ምራት አላቸው፣ እስከ አስኮም ዘመድ አላቸው። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ድርጅትዎ ምርቱን ለወዳጅ ዘመድ እንዳስተዋውቅ በየዕለቱ የሚልክልኝን ትእዛዝ መፈጸሜ ነው።

ለዘለቄታው ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ማንም «ለሙከራ» የማይነካው ሂሳብ እየተመኘሁልዎ፣ ሳላውቀው ደንበኛዎ፣ ሳልፈልገው ወዳጅዎ ሆኜ የቆየሁት፣

አክባሪዎ
አጸደ ወንድይፍራው
(የቀድሞ ገንዘብ ያዥ)
ኮልፌ ቀራንዮ፣ 18 ማዞሪያ
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ግልባጭ
- ለሰፈራችን የሴቶች እድር
- ለቀጄላ ሱቅ፣ መስኮቱ ላይ እንዲለጠፍ
- ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ የሚመለከተው ካለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ልነሳ ስል ከድርጅትዎ መልእክት ገባልኝ፤ የዛሬውን ከፍቼ አነበብኩት። «ክብርት ወ/ሮ አጸደ፣ ሦስት ወር ሳያቋርጡ በመክፈልዎ የወሩ ታማኝ ደንበኛችን ሆነው ተመርጠዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። እግዜር ይስጥልኝ። ከየካቲት 13 ወዲህ ታማኝ ብሎ የጠራኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።